ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው፦ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

አባባሉ የገበሬ ነው። ጤፍ የሚያጭድ ሰው ሰብሉን በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን በቀኙ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለቱ ዘወትር ወደ ጣቱና ወደ ጉልበቱ ይመጣል። ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ራሱን ነው፤ ሲብስበት ደግሞ ያው ስለት ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ምክሩ ግን ለተከፋው ሳይሆን ለአዋሹ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። የተከፋ ሰው ክፉ ነው አይልም፤ ንዴቱ እስኪበርድ መሣሪያ አታቀብለው ነው የሚለው።

«ሆድ ባሰኝ፣ ሆድ ባሰሽ፣ ሆድ ባሳት፣ ሆድ ባሳቸው» እያለ ይረባል፤ «ሆድ ባስኩ» አይባልም። «ሆድ» የሚለውንም መጣል አይቻልም፤ «ባሰኝ» ብቻ ካሉ ሰሚው ሕመም የጸናብዎት ይመስለዋል። ቶሎ ሆድ የሚብሰው ሰው «ሆደ ባሻ» ይባላል። «ብሶት»ም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ በራዲዮ የተነበበው መግለጫ ሠራዊቱን «ብሶት የወለደው» ካለ ወዲህ ሐረጉ ከከተማው አፍ አልጠፋም።

ልኩን መለየት ያስፈልጋል። «ቅር አለኝ» ቀላሉ ነው፤ ለአለቃም ይባላል፣ በጽሑፍ ሲሆን «ቅሬታ» ሆኖ ለቅሬታ ሰሚ ይቀርባል። «ከፋኝ» ከዚያ ይጠነክራል። «ሆድ ባሰኝ» ግን የተደራረበ በደል ነው፤ «የሚያዝንልኝ አጣሁ» የሚል ስሜት አለበት፣ እንባም ቅርብ ነው። የታክሲ ረዳት መልስ ስላስቀረ ሆድ ባሰኝ ማለት ይበዛል፤ «ተናደድኩ» ይበቃል።

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ካለ ቢሮ አንዱን እንውሰድ። ዕድገት የተነፈገ ሠራተኛ የባልደረቦቹን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ይሙላ ሲባል፣ አንዱ ቀስ ብሎ «ኧረ ተዉ፣ ሆድ ለባሰው…» ይላል። ቀሪውን ሰሚው ይጨርሰዋል። እዚህ ማጭዱ እስክሪብቶው ነው። በውርስ ክርክር ላይ ደግሞ የቤቱ ካርታ ይሆናል።

አባባሉን በተከፋው ሰው ፊት መናገር ነውር ነው፤ አደገኛ ተብሎ እንደተፈረጀ ይሰማዋልና ብሶቱን ያባብሰዋል። ለእሱ የሚገባው «ምን ሆነህ ነው የተከፋኸው?» ብሎ መስማት ነው፤ ለትልቅ ሰው «ምን አስከፋዎት?» ይባላል።