ብሬል ምንድን ነው? ወደ «ብሬል ቋንቋ» የሚተረጎም መጽሐፍስ አለ?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የመማሪያ መጻሕፍት «ወደ ብሬል ቋንቋ ተተርጉመው» ለዓይነ ስውራን ሕፃናት እንዲደርሱ ሲያሳስቡ ሰማሁ። አሳባቸው ቅን ነው፤ አገላለጹን ግን ከእንግዲህ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ብሬል ጎበጥ ያሉ ነጥቦች በጣት እየተዳሰሱ የሚነበቡበት የአጻጻፍ ሥርዓት እንጂ ቋንቋ አይደለም፤ የአማርኛ መጽሐፍ በብሬል ሲዘጋጅም አማርኛነቱን ስለማይለቅ የሚያስፈልገው በብሬል የሚጽፍ ሰው እንጂ ተርጓሚ አይደለም።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ገና በ15 ዓመቱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824፣ የቀረጸው የስድስት ነጥብ ሥርዓት ባዶውን ሳይጨምር 63 ቅርጾችን ይሰጣል። እነዚህ ከ200 ለሚበልጡት ፊደሎቻችን አንድ በአንድ ስለማይዳረሱ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ይጽፋል። «ቤት» በቀለም ሁለት ፊደል ሲሆን በብሬል ሦስት ሴል (በየቁጥራቸው የሚጠሩ የስድስት ነጥቦች ቦታ ያለው አንድ ቅርጽ ሴል ይባላል) ነው፦ ነጥብ 1 እና 2 «ብ»፣ ነጥብ 1 እና 5 «ኤ»፣ ነጥብ 2፣ 3፣ 4 እና 5 «ት»። ሳድሱ አናባቢ ሳያስከትል ብቻውን ይቆማል። ልጁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያንኑ ነጥብ 1 እና 2 ሲዳስስ «ቢ» ብሎ ያነበዋል፤ ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ነጥቦቹ እነዚያው ናቸው።

ጠላ ከብርጭቆ ወደ ዋንጫ ቢገለበጥ «ተተረጎመ» የሚል የለም። እርግጥ ዋንጫው ይከብዳል፤ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ የብሬል ቅጂም በርካታ ጥራዝ ይወጣዋል። ብርጭቆ ከውጭ ሆነው ሲያዩት ውስጡን ያሳያል፤ ዋንጫን ግን ጎንበስ ብለው ካላዩት ምን ያህል እንደቀረው አይታወቅም። ብሬልም ላልለመደው መምህር እንዲሁ ነው፤ ጎንበስ ካለ ግን ነጥቦቹን በጣቱ መዳሰስ ሳያስፈልገው በዓይኑ ሊያነባቸው ይችላል። (ሥዕልና ግራፍ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እነዚያ በሚዳሰስ መልክ እንደገና መሠራት ወይም በቃላት መገለጽ አለባቸው። የማየት ችግር ያለበት ልጅ ሁሉ ብሬል ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም፤ የተወሰነ እይታ ያለው ልጅ በጎላ ጽሕፈት ሊማር ይችላል።)

የስያሜ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አንድ የአማርኛ መምህር በብሬል የተጻፈ የቤት ሥራ «ቋንቋውን አልችልም» ብለው ሳያርሙ ሲመልሱ አይቻለሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ልጅቷ በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በሹል መውጊያው) ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋች ስትጽፍ ነጥብ 1 እና 5ን ዘልላ «ቤት» ማለት ሲገባት «ብት» ብላለች፤ ይህም ማንኛውም ጀማሪ ሊሠራው የሚችል የአማርኛ ስህተት ነበር።