ኪው፦ የለንደን የዕፅዋት ማዕከል

በለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል 130 ሄክታር ገደማ ስፋት አለው። ጅምሩ እ.ኤ.አ. በ1759 የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ እናት ልዕልት አውጉስታ በግቢዋ ያቋቋመችው አነስተኛ የአትክልት ስፍራ ነበር። ዩኔስኮ በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከመሀል ከተማ በዲስትሪክት መስመር ባቡር ተሳፍሮ ኪው ጋርደንስ ጣቢያ የወረደ ሰው ጥቂት ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ቪክቶሪያ በር ይደርሳል። መግቢያው በክፍያ ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም አያለሁ ብሎ መነሳት ግን ድካም ብቻ ነው። ሁለቱን ትልልቅ የመስታወት ቤቶችና ጥቂት ዛፎችን ረጋ ብሎ ማየት ለአንድ ቀን ይበቃል።

ከ1844 እስከ 1848 በብረትና በመስታወት የተሠራው የዘንባባ ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። በሩ ሲከፈት ሞቃትና እርጥብ አየር ፊትን ይመታል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይም። እዚያ ውስጥ በ1775 የኪው ተክል ሰብሳቢ ፍራንሲስ ማሰን ከደቡብ አፍሪካ ያመጣው ሳይካድ የሚባል፣ ዘንባባ የሚመስል ጥንታዊ ተክል አለ። በማሰሮ ውስጥ ከሚኖሩ ተክሎች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። ቁመቱ ከ4 ሜትር አልፎ በመዝመሙ በብረት ተደግፎ ይኖራል።

ልብ የሚነካው ዘመዱ ግን ያለው በሌላው ትልቅ የመስታወት ቤት፣ ቴምፐሬት ሃውስ በሚባለውና ለአምስት ዓመታት ታድሶ በ2018 እንደገና በተከፈተው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤንሴፋላርቶስ ዉዲ ይባላል። ሳይካዶች እንደ ፓፓያ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ተክል ላይ ይበቅላሉ። የዚህ ዝርያ ወንዴ በ1895 በደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ደን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ። ሴቴዋ ከዚያ ወዲህ ብትፈለግም አልተገኘችም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ እንደ ሙዝ ከግርጌው ከወጣ ቡቃያ የተባዙ የዚያው የአንዱ ወንዴ ቅጂዎች ናቸው። ሰው ሁሉ አበባ ፍለጋ በአጠገቡ ያልፋል፤ እኔ ግን ወደ ኪው የሚሄድ ሁሉ እሱ ዘንድ ቆም እንዲል እወዳለሁ።

ከቤቶቹ ውጭ የተርነር ኦክ የሚባለው ዛፍም ታሪክ አለው። በጥቅምት 1987 በአንድ ሌሊት የነፈሰ ማዕበል በኪው 700 ያህል ዛፎችን ጣለ። ይህን ዛፍ ደግሞ ከነሥሩ ወደ ላይ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሠራተኞቹ ይሞታል ብለው ደግፈው ተዉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከማዕበሉ በፊት ከነበረው ይበልጥ ለምልሞ ተገኘ። ለዘመናት የጎብኚ እግር አፈሩን ጠቅጥቆት ሥሩ አየር አጥቶ ኖሯል፤ ማዕበሉ ያንን አፈር አላላለት። ከዚያ ወዲህ የኪው ባለሙያዎች በሥሮች ዙሪያ ያለውን አፈር በግፊት አየር ያላላሉ፤ ዘዴው ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

ጎብኚ የማያየው ሥራ ከዚህም ይሰፋል። በሄርባሪየሙ 7 ሚሊዮን ያህል የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ተቀምጠዋል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በመጻሕፍት ለመሰነድ የደከሙትና የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በ2016 የኪውን ዓለም አቀፍ ሜዳልያ ተሸልመዋል። በ2017 የኪው ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ባወጡት ጥናት፣ የመከላከል ሥራ ካልተሠራ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። የቡና እርሻ መዛወር ያለበት ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው እንደሆነም ጥናቱ ያመለክታል፤ ቀዝቀዝ ያሉ ከፍተኛ ቦታዎች ወደፊት ለቡና ሊመቹ ይችላሉና።