ቁጥብ ዝነጣ፦ የጎንደር ሴቶች ቀሚስ ከሸማኔው እስከ ዲዛይነሩ

ጎንደር ውስጥ «እሷማ ለብሳለች» የሚባልላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የለበሰችው ነጭ ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ከአንገት ወደ ደረት የሚወርድ ጥልፍ፣ ወገብ ላይ መቀነት፣ ትከሻ ላይ ነጠላ። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ የሚተያዩትም በዚያው በቅርቡ ነው፤ ፈትሉ ምን ያህል ቀጭን ነው? ጥልፉ የእጅ ነው የማሽን? ጥለቱ ከጥልፉ ጋር ይሄዳል?

ከተማዋን አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክህነቱና ገበያው ሸማኔ ፈለጉ። ሽመናውን በብዛት የያዙት አዲስ ዓለም በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሚኖሩ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ለጥምቀት በዓል የሚለበሰውን ልብስ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በዓሉን የማያከብሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቀለም ውድ ነበር። ሸማኔው ባለቀለም ክር ሲያስፈልገው ከውጭ የመጣ ጨርቅ ገዝቶ ክሩን ይፈታና ጥለቱ ላይ ይሠራበታል። ስለዚህ ነጩ ሰፊ፣ ቀለሙ ጠባብ ሆነ። ዛሬ «ሲምፕል ግን ያምራል» የምንለው ነገር ግማሹ ከዚህ እጥረት የመጣ ይመስለኛል። ቀዩ ጥለት ሰፋ ሲል ልብሱ ጃኖ ይባላል፤ ጃኖ ደግሞ የመኳንንት ነበር።

ይህ ማለት ግን ቤተ መንግሥቱ ድምቀት ይጠላ ነበር ማለት አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አቀማመጣቸው የትሕትና ነው። ልብሳቸው ግን የእቴጌ ነው፤ ፏ ብለዋል።

ሌላዋ ምስክር እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ነበሩ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. አረፉ። ቀሚሳቸው ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ ጥልፍ ቀሚስ የምታሠራ ሴት «ይኼን የመሰለ ስፉልኝ» ብትል ነውር የለውም።

የልብሱ ነገር የሚጀምረው ከቤት ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ፈታይዋ ሴት ናት፤ ሸማኔው ግን በባህሉ ወንድ ነው። አሁን አሁን ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል የሆነ ሸማ የተለመደ ነው። ድሩ እንዳይበጠስ ይረዳል። ለስላሳነቱን የሚሰጠው ግን ማጉ ነው። «ፈትል» ሲባል ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። መነንና ሳባ የሚባሉት ሸማዎችም የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው።

ከቀሚሱ ይልቅ ግን ብዙ የሚናገረው ነጠላው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ መስቀለኛ ታጣፋለች። ስታገለግል ታደገድጋለች። ለቅሶ ከሆነ ጥለቱ ከታች መሆኑ ይቀርና ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። መንገድ ላይ ያያት ሰው ሳይጠይቅ ሐዘን ላይ መሆኗን ያውቃል። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ውድ ቀሚስ ለብሳ ነጠላውን ያላወቀችበት ሴት ከአክስቶች ዓይን አታመልጥም።

ቁጥብነቱ የሚፈተነው በጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው ነጭ ይለብሳል። ሹሩባው ተሠርቷል፣ ኩሉ ተኩሏል፣ እንሶስላው ሞቋል። አዲሱ ሞዴል የሚታየው ያኔ ነው። የዓመቱ ቀለም ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መዋኛው ዳር መቆም ይበቃዋል።

ዲዛይነር የሚለው ቃል የመጣው በኋላ ነው። ድሮ የሚቆርጠውም የሚያማክረውም ልብስ ሰፊው ነበር። አሁን ግን ቅዱ ራሱ ተለውጧል። የጥንቱ ቀሚስ ሰፊ ነው፤ ቅርጽ የሚሰጠው መቀነቱ ነበር። አዲሱ ወገብ ላይ ጠበቅ ይላል፣ እጅጌው ያጥራል፣ አንዳንዱ ጉርድና ሸሚዝ ሆኖ ይከፈላል። በሠርግ ቀን ቬሎ፣ በመልስ የሐበሻ ቀሚስና ካባ የሚለው ልማድም ለልብስ ሰፊዎች ትልቅ ገበያ ከፍቷል። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት፣ እህቶች ሌላ አንድ ዓይነት ሲያሰፉ ወጪው ቀላል አይደለም።

በአገር ደረጃ የእጅ ሽመናን ወደ ዘመናዊ ፋሽን ካመጡት መካከል የ«የፍቅር ዲዛይን» መሥራች ፍቅርተ አዲስ ትጠቀሳለች። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም»ን አቋቁማ የኢትዮጵያ ሸማኔዎችን ሥራ ለውጭ ገበያ አቀረበች። ሁለቱም የጎንደር አይደሉም። ግን መንገዱ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ ጥሩ ሸማ ይመረጣል፣ ከዚያ ቅዱ ይቀላል፣ ጨርቁ ራሱ ይታያል።

በተቃራኒው የሚሄደውም ብዙ ነው። ሽፎን፣ የሚያብለጨልጭ ክር፣ ከአንገት እስከ እግር የማይለቅ የማሽን ጥልፍ። በፎቶ ያምራል፤ አይካድም። ለእኔ ግን ጥልፉ ሲበዛ ሴትየዋ ትጠፋለች። ከሁሉም የከፋው ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ርካሽ ስለሆነ ለብዙ ቤተሰብ በዓልን አቅልሏል፣ ሸማኔውን ግን ገበያ አሳጥቶታል።

ነገሩን የሚያውቁ ሴቶች ገበያ ላይ አይታለሉም። ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የሚያዩት። ጨርቁን ይገለብጡታል። የታተመ ከሆነ ከኋላ ቀለሙ ፈዛዛ ነው። የተሸመነ ጥለት ከሆነ ክሩ በሁለቱም በኩል በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ በኋላ ነው «ስንት ነው?» የሚባለው።