ባሕር የሚሻገረው አቧራ ምንድን ነው?

የአቧራ ማዕበል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የበረሃ አሸዋ ነው። አሸዋ ግን ሩቅ አገር አይደርስም። ከባድ ስለሆነ ነፋስ ቢያነሳውም ትንሽ ዘሎ ይወድቃል። ባሕር የሚሻገረው ከአሸዋ እጅግ የደቀቀው፣ በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት የሚልመው ብናኝ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ብናኝ ብቻውን አይነሳም። በጣም ከመድቀቁ የተነሳ እርስ በርሱ ተጣብቆ መሬት ይዞ ይቀመጣል፤ ነፋሱ በላዩ ያልፋል። የሚያስነሳው ያው አሸዋው ነው። ነፋስ ሲበረታ የአሸዋ ቅንጣቶች ይዘላሉ፤ ወድቀው መሬቱን በመቱ ቁጥር ብናኙን ይፈነቅሉታል። አሸዋው እዚያው አካባቢ ይቀራል፣ ብናኙ ሽቅብ ይወጣል።

ብናኙስ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከደረቀ ሐይቅ። ሰሜን ቻድ ውስጥ ቦዴሌ የሚባል ረባዳ ቦታ አለ፤ በዓለም ላይ ከፍተኛ አቧራ ከሚያወጡ ስፍራዎች ቀንደኛው ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ቦታው የግዙፉ የጥንት ቻድ ሐይቅ ወለል ነበር። በውኃው ውስጥ ዲያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ከታች ተደራረበ። ውኃው ሲደርቅ የቀረው ነጣ ያለ፣ ቀላልና ቶሎ የሚፈረፈር አፈር ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መካከል ሲያልፍ መንገዱ ይጠብበትና ፍጥነቱ ይጨምራል። ከዚያ ሲወጣ ፊት ለፊት የሚያገኘው ቦዴሌን ነው። ሰው ተቀምጦ ቢያቅደው እንኳ እንዲህ አይገጥምም!

ሰው ያደረቀውም አለ። በመካከለኛው እስያ የሚገኘው የአራል ባሕር ገባር ወንዞች ለመስኖ ሲጠለፉ ወለሉ ገሃድ ወጣ፤ ዛሬ ከዚያ የሚነሳው አቧራ ጨው የተቀላቀለበት ነው።

መንገዱ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሐርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ የሰሃራን አቧራ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይነዳዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ የጋለው መሬት አየሩን እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያነሳዋል። ይህ ትኩስና ደረቅ አየር ከአትላንቲክ ቀዝቃዛ አየር በላይ ተንሳፍፎ በሳምንት ገደማ ካሪቢያን ይደርሳል። በምሥራቅ እስያ ወቅቱ ጸደይ ነው። በሞንጎሊያና በቻይና ያለው የጎቢ በረሃ በረዶ ቀልጦ ሣሩ ገና ሳይበቅል ነፋሱ ይደርሳል፤ ኮሪያና ጃፓን ሰማያቸው ቢጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 በምዕራብ ቻይና ካለው የታክላማካን በረሃ የተነሳ አቧራ ደግሞ በ13 ቀን ገደማ ምድርን ሲዞር በሳተላይት ታይቷል።

ብናኙ የሚወርደው ቀስ በቀስ በራሱ ክብደት፣ ወይም በዝናብ ታጥቦ ነው። ናሳ በሳተላይት ባደረገው ግምት መሠረት፣ ከሰሃራ ተነስቶ የአማዞን ደን ላይ የሚያርፈው አቧራ በዓመት በአማካይ 28 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል። በውስጡ 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ አለ፤ ዝናብና ጎርፍ ከደኑ አጥበው ከሚወስዱት ጋር ይቀራረባል። ለዛፍ ማዳበሪያ የሆነው ይኸው ብናኝ ግን ለሰው ሳንባ አይመችም። በተለይ አስም ያለበት ሰው እንዲህ ባለው ቀን በርና መስኮት ዘግቶ ቤት ቢውል ይሻለዋል።