ቪጋን ምንድን ነው? ከጾማችንስ በምን ይለያል?

አሜሪካ የሐበሻ ምግብ ቤት የገባ ሰው ሜኑው ላይ «ቪጋን» የሚል ቃል ያጋጥመዋል። ምግቡ ሲመጣ ግን የምናውቀው በየዓይነቱ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ቪጋን ማለት ዓመቱን ሙሉ መጾም ነው» እንላለን። ነገሩ ይቀራረባል፣ ግን አንድ አይደለም።

ቪጋን ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር አይበላም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የለም። ማርም የለም፤ ጾመኛ ግን ማር ይበላል። ቃሉ የወጣው በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። ያወጡት ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ሲሆኑ ያሳሰባቸው በዋናነት የእንስሳቱ ስቃይ ነበር። ዛሬ ግን ለጤናው ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ብሎ የሚጀምረውም ብዙ ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ጥራጥሬና አትክልት የሚያዘወትር ሰው ፋይበር በደንብ ያገኛል፣ መጥፎው ኮሌስትሮልም ይቀንስለታል። ፕሮቲን ደግሞ እኛ ቤት አያሳስብም። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ሲበላ እህሉና ጥራጥሬው የጎደላቸውን ይሞላላሉ። እርግጥ ፓስቲ፣ ቺፕስና ለስላሳም ከእንስሳት ነጻ ናቸው። በእነሱ ብቻ የሚውል ሰው ቪጋን ነው ተብሎ ጤነኛ አይሆንም።

ትልቁ ጉዳይ ቪታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቪታሚን በአስተማማኝ መጠን የሚገኘው ከእንስሳት ከተገኘ ምግብ፣ ቢ12 ከተጨመረበት የፋብሪካ ምግብ ወይም ከእንክብል ብቻ ነው። ጾመኛው ፋሲካ ሲደርስ በዶሮው፣ በእንቁላሉና በወተቱ ይተካዋል። ቪጋኑ ግን መፈሰኪያ ቀን የለውም። ጉበት ደግሞ ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ሰውየው «ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ከዚያ ድካም ይመጣል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ መርሳት ይጀምራል። ነርቭ ከተጎዳና ሕክምናው ከዘገየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የሚገርመኝ፣ ዋትሰን ቃሉን ሲያወጣ ቢ12 ገና ተለይቶ አልታወቀም ነበር። የተለየው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪጋኖች ምን እንደሚጎድላቸው የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። እኛ ግን እናውቃለን። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቪጋን ልሁን የሚል ወዳጅ ካለኝ፣ መጀመሪያ የምለው «ቢ12 ውሰድ» ነው። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ከሆነች ደግሞ ሳትጀምር ሐኪም ታማክር። የእሷ ጉድለት ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

ሌላው ብረት ነው። ምስርም ጎመንም ብረት አላቸው፣ ግን ሰውነታችን ከእፅዋት የሚመጣውን ብረት የሚወስደው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው። የእንጀራው ሊጥ ሲቦካ፣ ብረቱን ይዞ ለሰውነታችን የማይለቀው ነገር ይቀንሳል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም በቃሪያ መብላትም ይረዳል፤ ቪታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ቡናና ሻይ ግን ተቃራኒ ናቸው። ከምግብ በላይ ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያግዱታል። ቡናችሁን ተዉ አልልም። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አፍሉት።