የክትባት ንድፍ ኩባንያ አመራር ቡድን፦ ከጎንደር የታየ አጠቃላይ ዳሰሳ

የክትባት ንድፍ ኩባንያ የሚባለው በሽታ አምጪውን ተህዋስ ሙሉውን አራብቶና አዳክሞ ከመከተብ ይልቅ የዘር መረጃውን አንብቦ፣ ሰውነት ለይቶ እንዲያውቀው የሚፈለገውን ክፍል ብቻ መርጦ ክትባት የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። አመራሩ አብዛኛውን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈፃሚውን፣ የሳይንስ፣ የሕክምና፣ የምርትና የፋይናንስ ኃላፊዎችን፣ እንዲሁም ከመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚሠራውን ባለሙያ ይይዛል። ከእነዚህ በላይ ቦርድ አለ።

ስለዚህ ሙያ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ የጎንደር የጤናና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎችን በማሰብ ተጠናቅሯል። በሰፊው የተጻፈለት የጀርመኑ ባዮንቴክ ስለሆነ እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኃላፊዎቹ ድርሻ

የሳይንስ ኃላፊው የትኛው ፕሮቲን ዒላማ እንደሚሆንና በምን ተሸካሚ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ይወስናል። ተሸካሚው የኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋስ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝ የዘር መልእክት፣ ቅንጣት ሊሆን ይችላል፤ በሰውነት ውስጥ የማይራባ አዴኖቫይረስ የተባለ ቫይረስም ሊሆን ይችላል። የሕክምና ኃላፊው ደግሞ ንድፉን ወደ ሰው ያሻግራል። በመጀመሪያው ደረጃ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱንና መጠኑን፣ በሁለተኛው የመከላከል አቅም መፍጠሩን፣ በሦስተኛው በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በሽታውን በእርግጥ መከላከሉን ያስፈትሻል። ሙከራው በመካሄድ ላይ ሳለ ውጤቱን የሚያየው ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ነው። ሥራ አስፈፃሚው ራሱ እንኳ ማን ክትባቱን፣ ማን ማወዳደሪያውን እንደተወጋ አያውቅም።

የምርት ኃላፊው ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሳም። ይሁንና በቤተ ሙከራ ያማረ ንድፍ በመቶ ሚሊዮን ብልቃጥ ካልወጣ ከንቱ ድካም ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ምርት ሳይኖር ለዓመታት ደመወዝ የሚከፈልበትን ገንዘብ ያፈላልጋል።

የማይንዙ ቡድን

ባዮንቴክ በ2008 በጀርመን ማይንዝ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ኡጉር ሻሂን እና ኦዝሌም ቱሬጂ፣ እንዲሁም ኦስትሪያዊው የካንሰር ሐኪም ክሪስቶፍ ሁበር ናቸው። ሻሂን በ1965 በቱርክ እስከንድሩን ተወልዶ፣ በአራት ዓመቱ አባቱ በፎርድ ፋብሪካ ወደሚሠራበት ኮሎኝ ሄደ። ቱሬጂ በ1967 በጀርመን የተወለደች የኢስታንቡል ቀዶ ሐኪም ልጅ ናት። ሁለቱ ከባዮንቴክ በፊት፣ በ2001፣ ጋኒሜድ የተባለ የካንሰር ፀረ እንግዳ አካል ኩባንያ አቋቁመው ነበር፤ በ2016 የጃፓኑ አስቴላስ ገዛው። እንግዲህ ወረርሽኙ ሲመጣ ኩባንያ መርቶ መሸጥ ለእነሱ አዲስ አልነበረም። በቅጽበት የተሳካላቸው ተመራማሪዎች አድርጎ የሚያቀርባቸው አተራረክ ይህን ይዘለዋል።

ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከወንድማማቾቹ አንድሬያስና ቶማስ ሽትሩንግማን ነበር፤ ቀደም ሲል ሄክሳል የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ አቋቁመው የሸጡ ናቸው። በጀርመን ሕግ ሥራ የሚያስኬደው አስተዳደር ቦርድና እሱን የሚቆጣጠረው ቦርድ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ሰው በሁለቱም አይቀመጥም። በተቆጣጣሪው ቦርድ ሰብሳቢነት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የወንድማማቾቹን ኢንቨስትመንት ያስተዳድር የነበረው ሄልሙት የግለ ነው። በአስተዳደሩ በኩል ሻሂን ዋና ሥራ አስፈፃሚ፣ ቱሬጂ ዋና የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። ዚርክ ፖቲንግ ፋይናንሱን፣ በኋላም ሥራ ማስኬዱን ያዘ፤ ሾን ማሬት የንግድና የውል ጉዳዮችን፣ ራያን ሪቻርድሰን ስትራቴጂውን መርተዋል። በ2021 የንስ ሆልሽታይን የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ ገባ።

ካታሊን ካሪኮ በ2013 ወደ ማይንዝ መምጣቷ ለብቻው መጠቀስ አለበት። ሃንጋሪያዊቷ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ስለ ኤምአርኤንኤ ስትሠራ የምርምር ገንዘብ ተነፍጓት ከደረጃዋም ዝቅ ተደርጋ ነበር። ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 ያሳተሙት ግኝት፣ የኤምአርኤንኤን አንድ ፊደል በኬሚካል ለወጥ ማድረግ ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ እንዳይቆጣበት እንደሚያደርግ አሳየ። በባዮንቴክ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ሠርታ በ2022 ለቀቀች። በ2023 ሁለቱ የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። ለዋናው ግኝት ባለቤትነት ግን ከአንድ በላይ ቡድን ይከራከራል፤ የፓተንት ክሶቹም ብዙ ናቸው። ሞደርና በ2022 ፋይዘርንና ባዮንቴክን ከስሷል።

አመራሩ በተግባር የተፈተነው በ2020 ነው። በጥር ወር መጨረሻ ሻሂን ከዉሃን ስለተነሣው በሽታ የወጣ ጥናት አንብቦ በሽታው ዓለምን እንደሚያዳርስ ገመተና የካንሰር ክትባት ይሠሩ የነበሩትን ባለሙያዎች ወደ ኮሮና አዞረ። ሥራው «የብርሃን ፍጥነት» የሚል ስም ተሰጠው። ሃያ ያህል ንድፎች ተዘጋጅተው አራቱ ወደ ሰው ሙከራ አለፉ። በመጋቢት ከፋይዘር ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በፋይዘር በኩል የክትባት ምርምሩን የምትመራው ካትሪን ያንሰን ነበረች። ሚያዝያ 23 በጀርመን የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ተወጉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ውሳኔ የአመራርን ሥራ ከሁሉም በተሻለ ያሳያል። ሁለት እጩዎች እስከ ሐምሌ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ፤ አንዱ በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ የሚወጣውን የስፓይክ ፕሮቲን ቁራጭ፣ ሌላው ሙሉውን ስፓይክ የያዘ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ፀረ እንግዳ አካል ፈጠሩ። ሙሉውን የያዘው ግን በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ትኩሳትና ድካሙ ቀለል ያለ ሆነ። በዚህ ምክንያት እሱ ተመረጠና ሐምሌ 27 ሦስተኛው ደረጃ ተጀመረ፤ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው ተሳተፈ። በኅዳር 95 በመቶ ውጤታማነት ተገለጸ፤ ታኅሣሥ 2 ብሪታንያ ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቀደችው። በመስከረም ኩባንያው በማርቡርግ የሚገኘውን የኖቫርቲስ ፋብሪካ ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። ውጤቱ ሳይታወቅ ፋብሪካ መግዛት ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱም ከሳይንስ ክፍሉ ይልቅ የምርትና የፋይናንስ ክፍሉ ነው ማለት ይቻላል።

በእኛ አገር ይህ ክትባት የሚታወቀው «ፋይዘር» በሚለው ስም ብቻ ነው። ማይንዝ የሚለው ስም ወደ ጎንደር ጤና ጣቢያዎች አልደረሰም። የደረሰው የማቀዝቀዣው ጣጣ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ክትባቱ ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 80 ዲግሪ መቀመጥ ነበረበት። ኩባንያው ቆይቶ በኪጋሊ በኮንቴይነር የተገጣጠመ የኤምአርኤንኤ ማምረቻ ማቋቋም የጀመረ ሲሆን በታኅሣሥ 2023 ተመርቋል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሞደርና በ2010 በአሜሪካ ተመሠረተ። ሰብሳቢው በቤሩት የተወለደው አርመናዊ ኑባር አፈያን፣ ከ2011 ጀምሮ ሥራ አስፈፃሚው ፈረንሳዊው ስቴፋን ባንሴል ነው። ክትባቱን ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ጋር የነደፈ ሲሆን የፈጠራው ባለቤት ማን ይባል በሚለው ላይ ሁለቱ ተካርረው ነበር።

ኪዩርቫክ ከሁሉም ቀድሞ፣ በ2000፣ በቱቢንገን ተቋቋመ። በመጋቢት 2020 በሁለት ሳምንት ውስጥ አመራሩ ሁለት ጊዜ ተቀያየረ፦ ሥራ አስፈፃሚው ዳንኤል ሜኒኬላ ከዋይት ሃውስ ስብሰባ በተመለሰ በቀናት ውስጥ ተነሣ፤ መሥራቹ ኢንግማር ሆር ተተካ፤ እሱም ወዲያው ታመመና ፍራንዝ ቨርነር ሃስ ያዘው። የኩባንያው የኮሮና ክትባት በ2021 ያስገኘው ውጤት 48 በመቶ ብቻ ነበር። ጥፋቱን ለአመራሩ መስጠት ቀላል ቢሆንም፣ ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ምክንያት ኤምአርኤንኤው እንደ ካሪኮና ዋይስማን ዘዴ ያልተለወጠ መሆኑን ነው።

በኦክስፎርድ ሣራ ጊልበርትና ኤድሪያን ሂል በ2016 ቫክሲቴክን መሠረቱ። የተጠቀሙበት የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ በአስትራዜኔካ በኩል ለዓለም ተሰራጨ፤ ወደ ኢትዮጵያ በመጋቢት 2021 መጀመሪያ የገባው 2.2 ሚሊዮን መጠን ይኸው ክትባት ነበር። ጎንደርን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ብዙም ስሙ የማይነሳው የጣልያንና የስዊስ ኩባንያ ኦካይሮስ ነው። ሪካርዶ ኮርቴሴ የመራው ይህ ቡድን ቻድ63 የተባለውን አዴኖቫይረስ አበጀ፤ በ2013 የብሪታንያው የመድኃኒት ኩባንያ ጂኤስኬ በ250 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው።

ጎንደርና ካላዛር

የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በፖል ኬይ መሪነት በዚሁ ቻድ63 ላይ የካላዛርን አምጪ ተህዋስ የሊሽማንያን ጂኖች ጨምሮ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ለዚህ በሽታ ክትባት ነድፏል። በሱዳን፣ ከካላዛር በኋላ የቆዳ ሕመም የቆየባቸው 24 ሰዎች ላይ የተሠራው ሙከራ በ2021 ታትሟል። ሱዳን ለእኛ ጎረቤት ናት፤ በሽታውም የመተማና የሑመራ ቆላ ነው። ጥቁር አፈርና ግራር ባለበት የአሸዋ ዝንብ ይራባል፤ ከደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ይነከሳል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሊቦ ከምከም ላይ የተነሣው ወረርሽኝ በሽታው ደጋውንም እንደማይምር አሳይቷል።

በሰው ላይ እንዲውል የተፈቀደ የካላዛር ክትባት እስካሁን የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው ለተረሱ በሽታዎች መድኃኒት በሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ በተባለ ድርጅት ድጋፍ ለመድኃኒት ሙከራ ሲሆን በዚህ ሥራ የምሥራቅ አፍሪካ ምሰሶ ሆኗል። ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ላሉባቸው ሕሙማን አምቢዞምና ሚልቴፎሲን የተባሉት መድኃኒቶች ተደባልቀው የተሞከሩት በጎንደርና በአብዱራፊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ይህንኑ ጥምረት መክሯል። አሥራ ሰባት ቀን በሁለት መርፌ ይሰጥ የነበረውን ሕክምና በአሥራ አራት ቀንና በአንድ መርፌ፣ ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር፣ ለመተካት በተሠራው ጥናትም ጎንደር አንዱ ቦታ ነበር።

ይህ ልምድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1954 መመለስ ያስፈልጋል። በዓመቱ ዋዜማ ደምቢያ ሜዳ ላይ የተነሣ ወባ ወደ 7000 ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሐኪሞች ትምህርት ተጨመረ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የተለያየ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ለአንድ በሽታ አንድ ላይ ማሰለፍን ማይንዝ ከማሰቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጎንደር አስተምራዋለች፤ ይህን መናገር ትምክህት አይመስለንም።

ጎንደር የክትባት ፋብሪካ የላትም። በአገሪቱ በቆየ ልምድ ክትባት የሚያመርተው በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን እሱም ለከብትና ለዶሮ ነው። ስለዚህ የካላዛር ክትባት ከመጣ ንድፉም ፋብሪካውም ከውጭ ሊሆን ይችላል። የሕክምና ኃላፊው ወንበር ግን የተለየ ነው፤ አካባቢውን ማወቅ ይጠይቃል። የካላዛር ሕክምና ሙከራ ፈውስ ተገኘ የሚለው ከስድስት ወር በኋላ ሕመሙ አለማገርሸቱን አይቶ ነው፤ ክትባት ደግሞ የሚጠይቀው ክትትል ከዚህ ይረዝማል። የመተማ ቀን ሠራተኛ ግን አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ስልኩ ይቀየራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ እርሻ ላይ ይገኛል። የሙከራውን ዕቅድ የሚጽፈው ሰው ይህን ሳያውቅ የቀጠሮ ቀን ቢወስን፣ ከተከተቡት ውስጥ ብዙዎቹ ለመጨረሻው ምርመራ አይመለሱም።