በጥርስ ሕክምና ወቅት በአየር የሚዛመቱ ጀርሞችን መቀነስ

ጥርስ ሲቦረቦር ከአፍ ቡን የሚለው ጭጋግ ውሃ ብቻ አይደለም። ምራቅ፣ ደም፣ የጥርስ ብናኝ፣ ባክቴሪያና ቫይረስም ይዞ ይወጣል። ዋና ምንጮቹ በአየር ግፊት የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ፣ በአልትራሳውንድ የሚሠራው የጥርስ ማጽጃና አየርና ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ናቸው። መሰርሰሪያው በደቂቃ እስከ 300,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል። ውሃ ካላቀዘቀዘው ጥርሱ ግሎ ነርቩ ይጎዳል። ስለዚህ ውሃውን ዘግቶ መገላገል አይቻልም።

ትልልቆቹ ጠብታዎች ሐኪሙ ፊትና ታካሚው ደረት ላይ ያርፋሉ፤ እነሱን መጥረግ ይቻላል። አስቸጋሪዎቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉት ደቃቆቹ ናቸው። እንደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኩፍኝና ኮቪድ ያሉ በሽታዎች በአየር ስለሚተላለፉ ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ጭጋጉን ገና ከአፍ ሳይወጣ መያዝ ነው። ብዙ ታካሚ የሚያውቀው ከንፈር ላይ የሚንጠለጠለውን ቀጭን የምራቅ መምጠጫ ነው። እሱ የሚስበው የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው፤ ለጭጋጉ አቅም የለውም። በዚያ ላይ ታካሚው ከንፈሩን ቱቦው ላይ ግጥም አድርጎ ከዘጋ፣ ውስጡ የነበረ ፈሳሽ ወደ አፍ ሊመለስ ይችላል። ጭጋጉን የሚይዘው ወፍራሙ መምጠጫ ነው። አፉ 8 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ብዙ አየርም ይስባል። በአግባቡ ከተያዘ ጭጋጉን ከ90 በመቶ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቁም ነገሩ አያያዙ ላይ ነው፦ መሰርሰሪያው ወደ ኋላ መንጋጋ ሲገባ መምጠጫውም እግር በእግር መከተል አለበት። ለዚህም የረዳት እጅ ያስፈልጋል። ረዳት በእኔ እምነት ትርፍ ሰው ሳይሆን ራሱ መከላከያ ነው።

ጥርስ ሲሞላ ወይም የሥር ሕክምና ሲሰጥ ራበር ዳምም አለ። በ1864 ሳንፎርድ ባርነም የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ያመጣው ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። በቀዳዳው የሚታከመው ጥርስ ብቻ ብቅ ስለሚል ምራቅ መሰርሰሪያው ጋር አይደርስም። ለጥርስ እጥበት ግን አይሆንም። ሕክምናው ሳይጀመር ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ መጉመጥመጥም የአፍን ባክቴሪያ ለጊዜው ይቀንሳል።

ጀርሙ ሁልጊዜ ከታካሚው አፍ ብቻ አይመጣም። በመሣሪያዎቹ ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች ውስጥ ባክቴሪያ ተጣብቆ ይራባል። በ2011 ጣሊያን ውስጥ አንዲት የ82 ዓመት አዛውንት ሌጂዮኔላ በተባለ ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ሞተዋል፤ ምንጩም የጥርስ ክሊኒክ ውሃ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ከ500 በላይ የባክቴሪያ መንጋ እንዳይኖር ይመክራል። ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላም ውሃውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ግን የተጣበቀውን አያስለቅቅም፤ ቱቦው በኬሚካል መታከምና ውሃው በየጊዜው መመርመር አለበት።

ያመለጠው ጭጋግ ለአየር ዝውውር ይቀራል። የክፍሉ አየር በሰዓት 12 ጊዜ ከተቀየረ 99 በመቶው ብናኝ በ23 ደቂቃ ገደማ ይወጣል፤ 6 ጊዜ ብቻ ከሆነ 46 ደቂቃ ይፈጃል። የአየር ዝውውሩ በቂ ካልሆነ ደቃቅ ብናኝን ከአየር የሚይዘው የሄፓ ማጣሪያ ያግዛል። ማስክና የፊት መከለያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ። ተራው ማስክ በጎንና በጎን አየር ያስገባል፤ ኤን95 ግን ፊት ላይ ልክክ ይላል። የሚተላለፍ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ደግሞ ሕክምናው አጣዳፊ ካልሆነ፣ ማስተላለፉን እስኪያቆም ቀጠሮው ይተላለፍለታል።